ድኩላና ሚዳቋ ወቅት ሲቀየር የት ይገባሉ?

(ይሄ ደብረ ሲና ላይ ለገበሬዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረኩት ንግግር ነው፣ በስልክ ከተቀዳው ላይ ነው ወደ ጽሑፍ ያወረድኩት። አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም፣ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድም እህቶች። ሥራ ፈታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድኩላና ስለ ሚዳቋ ነው፣ ትንሽ ደሞ ስለ ጭላዳ፣ ምክንያቱም ጭላዳን ሳያነሱ ስለ ሰሜን ሸዋ ሳር ማውራት አይቻልም።

እዚህ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንድ ጥያቄ አለች። ክረምቱን ሙሉ ዱካውን እንኳን የማናየው ድኩላ በጋው ሲጠነክር ለምንድነው ጓሯችን ድረስ የሚመጣው፣ በልግ ሲበቅል ደሞ ለምንድነው ገብሱ ላይ የሚሰፍርብን? አንዳንዱ በዝቷል ይላል፣ አንዳንዱ ሰው መፍራት ትቷል ይላል። እኔ የምላችሁ ግን ይሄ ነው፣ ድኩላው ሁልጊዜ የሚሄደው ለጋ ቅጠል ወዳለበት ነው፣ ለጋው ቅጠል ደሞ በየወሩ ቦታ ይቀያይራል፣ እሱም ተከትሎ ይቀያይራል። ቅጠሉ በየትኛው ወር የት እንዳለ ያወቀ ሰው ድኩላው የት እንዳለም ያውቃል፣ መቼ ማሳው ላይ እንደሚመጣበትም አስቀድሞ ያውቃል። እስከ መጨረሻው የምናገረው ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ፣ ምክንያቱም ተማሪዎች ቪዲዮ ላይ የሚያዩትን ከኛው ጋር ሲያደባልቁት አያለሁ። ያ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያለው የፈረንጅ አገር አጋዘን ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው ሰሜን ጫፍ ላይ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። የሱ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል፣ የኛ ድኩላ ቀንድ ግን አንዴ ከበቀለ እስኪሞት አብሮት ነው። ዘራቸው ይለያያል፣ ድኩላ ለበሬና ለፍየል ነው የሚቀርበው። አኗኗራቸው ግን ብዙ ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ያመሰኳሉ፣ ሁለቱም ቅጠል ይመርጣሉ፣ ሁለቱም ወቅት ሲቀየር ቦታ ይቀይራሉ። ልዩነቱ የሚያንቀሳቅሳቸው ነገር ላይ ነው።

እነዛን የሚያንቀሳቅሳቸው ብርድ ነው። በረዶ ይወርድና ሳሩን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ስለዚ ከተራራ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳሉ፣ በረዶው ከታች ወደ ላይ እየቀለጠ ሲሄድ ደሞ አዲሱን ሳር እግር በእግር እየተከተሉ ይወጣሉ። አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ሚዩል ዲር የሚባሉት አጋዘኖች እንደዚህ እያሉ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ፣ ከደብረ ሲና ተነስቶ አዲስ አበባን አልፎ እንደመሄድ ማለት ነው፣ ያውም በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ሲሄዱ አንዴ ሲመለሱ። የሚጋቡበትንም ጊዜ የሚነግራቸው የቀኑ ርዝመት ነው፣ ቀን ማጠር ሲጀምር ሰውነታቸው ይለወጣል፣ ግልገሉ ፀደይ ላይ እንዲወለድላቸው። ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ ደሞ ሰውነታቸው ራሱ ሥራ ይቀንሳል፣ ትንሽ ይበላሉ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ በቆዳቸው ስር ያከማቹትን ስብ ይጨርሳሉ።

እኛ ጋ እንደዛ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ስለዚ ቀኑ ለድኩላ ብዙ የሚነግረው ነገር የለም። የሚነግረው ዝናቡ ነው። ድኩላም ሚዳቋም ዓመቱን ሙሉ ሊወልዱ ይችላሉ፣ ደረቁ ወቅት በሚረዝምበት አገር ግን ልደቱ ወደ ዝናቡ ይጠጋል፣ ምክንያቱም የምታጠባ እናት ለጋ ቅጠል ካላገኘች ወተት የላትም።

ርቀቱም እንደዛ አይደለም። አንድ ድኩላ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ባነሰ ቦታ ውስጥ ነው፣ ያችኑ ጥሻውን፣ ያችኑ ወንዙን፣ ያችኑ መንገዱን ይዞ። ታዲያ እንዴት ሳይሰደድ ይኖራል? መልሱ ቁልቁለታችን ውስጥ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ብዙም ሳትቆዩ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ደሞ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ከምናምን ይጨምራል። ጃኬት ለብሳችሁ ተሳፍራችሁ ሮቢት ስትደርሱ የምታወልቁት ለዚህ ነው። ይሄ ማለት ላይኛው አስታና የጓሳ ሳሩ በውርጭ ሲደርቅ መሃሉ ላይ ያለው ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ገና አረንጓዴ ነው፣ ከሱ በታች ደሞ ሌላ ተክል ሌላ ጊዜ ያብባል። ላይ ደጋው ላይ ያለው አንሶ ሲያገኘው ድኩላው ሸንተረሩን ትቶ ወደ ወንዙ ትንሽ ይወርዳል፣ በቃ፣ ወቅት ቀየረ ማለት ነው። በዛ ላይ ገደሉ ራሱ ጉም ይይዛል፣ በጋ ላይ ዝናብ በሌለበት ጊዜ እንኳን ጠዋት ጉሙ ሲያልፍ ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበትና ቅጠሉ ይረጥባል። የወፍ ዋሻን ጫካ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

ወፍ ዋሻን ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄ ጫካ እኮ የድሮ ነው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የመናገሻ ጫካ ሲተከል ችግኙ የሄደው ከዚህ ከወፍ ዋሻ ነው ተብሎ ይነገራል። እዚህ ውስጥ የሚኖረው ድኩላ ደሞ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ነው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። አንጎለላ በተወለደው በዳግማዊ ምኒልክ ነው የተሰየመው፣ ለኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል ነው፣ ቀንድ አለው፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት፣ ቀንድ የላትም። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ አይቶ ሁለት ዓይነት አውሬ ይመስለዋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ሆዱ እንግባ፣ ሁሉም ነገር የሚመጣው ከሆዱ ነውና።

በሬ ገለባ በልቶ ይኖራል። ድኩላ አይኖርም፣ ሚዳቋ ጭራሽ አትኖርም። ለምን? ሁሉም ያመሰኳሉ፣ ሁሉም ሆዳቸው አራት ክፍል አለው፣ የመጀመሪያው ትልቁ ክፍል ውስጥ ቅጠሉን የሚያፈሉት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ይሄ ክፍል ልክ እንደ ጠላ ጋን ነው፣ ጥንስሱ በደንብ ካልተብላላ ጠላው አይወጣም፣ ለማብላላት ደሞ ጊዜም ቦታም ይፈልጋል። በሬው ትልቅ ጋን አለው፣ ገለባውን አስገብቶ ረጅም ጊዜ ያቆየዋል። ሚዳቋ ግን ጠቅላላ ክብደቷ 15 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ጋኗ ትንሽ ነው፣ በዛ ላይ ትንሽ እንስሳ ለያንዳንዷ ኪሎ ሥጋው ከትልቁ የበለጠ ኢነርጂ ያቃጥላል። ስለዚ ትንሽ ግን ጥሩ ነገር ነው መብላት ያለባት፣ ቡቃያ፣ አበባ፣ የወደቀ ፍሬ፣ ዘር፣ አንዳንዴ ነፍሳትም ትለቅማለች። ድኩላ ከሷ ይተልቃል፣ ግን እሱም መራጭ ነው።

ሳር በበጋ ምን ይሆናል? ግንዱ ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ከወረደ እነዛ ጥቃቅን ነፍሳት ራሳቸው ይራባሉ፣ እነሱ ከተራቡ ደሞ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። በጎቻችሁ ጥርና የካቲት ላይ ሲግጡ ውለው ለምን እንደሚከሱ አሁን ገባችሁ? ቁጥቋጦ ግን ስሩ ጥልቅ ስለሆነ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ ይቆያል፣ ፕሮቲኑም እንደ ሳሩ አይወርድም። ድኩላው በበጋ ከሳር ወደ ቁጥቋጦ የሚዞረው ለዚህ ነው። ቁጥቋጦውም ዝም ብሎ አይበላም፣ ታኒን የሚባል የሚያኮማትር ነገር ቅጠሉ ውስጥ አለው። ድኩላው ታዲያ ካንዱ ተክል ትንሽ ቀንጥቦ ወደ ሌላው ያልፋል፣ አንድ ቦታ ቆሞ አይጨርስም። ሲበላ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ቀንጠብ፣ ራመድ፣ ቀና ብሎ ጆሮውን ያዞራል፣ ደሞ ቀንጠብ።

አሁን ወሮቹን እንያቸው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሉም ቦታ ለጋ ነው። ለጋ ሳር አለ፣ ማገጥ አለ፣ የቁጥቋጦው አዲስ ቅርንጫፍ አለ። ሳር ብዙም የማይወደው ድኩላ እንኳን በዚህ ጊዜ ለጋ ሳር ይበላል። መሄድ አያስፈልገውም፣ የትም ይበላል፣ ሽፋኑም ስላደገለት ገላጣ ቦታ ላይ ወጣ ሊል ይችላል፣ ጉሙና ዝናቡ ደሞ እኛን ቤት ያውለናል። ለዛ ነው ክረምት ላይ የማናየው፣ የጠፋ ይመስለናል እንጂ ያለው እዛው ነው። በበጠጡ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ለጋ ስለሚበላ በጠጡ ለስለስ ብሎ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ግን ደርቆ አንድ አንድ ፍሬው ለየብቻ ይበታተናል። ተማሪዎች፣ ይሄ ማይክሮስኮፕ የማይፈልግ ምርምር ነው፣ ከትምህርት ቤታችሁ ጀርባ ያለው ጥሻ ጋ ሄዳችሁ በየወሩ ማየት ትችላላችሁ።

መስከረምና ጥቅምት ያው ጥጋብ ነው፣ አደይ አበባውም፣ የባቄላ እሸቱም። እዚህ ጋ ብዙም አልቆይም።

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ውርጭ ይመጣል። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ ጣርማ በር አናት ላይ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደሞ ተቀቅሎ ይጠወልጋል። ከዛ በኋላ ያለው ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ለድኩላ የዓመቱ ከባዱ ጊዜ ነው። ሸንተረሩን ይለቃል፣ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ሸለቆ ጥሻ ይወርዳል፣ ከወይራው፣ ከቀጋው፣ ከአጋሙ ይለቃቅማል፣ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ወይ ጦጣ ሲበላ ከስር ቆሞ የሚወድቀውን ቅጠልና ፍሬ ይበላል። ይሄን ያየ ሰው ካለ በደንብ ነው ያየው፣ በሌላም አገር የሚታወቅ ነገር ነው። ውሃም ይፈልጋል። ሚዳቋ ግን ከቅጠሉ ከፍሬው የምታገኘው እርጥበት ስለሚበቃት ውሃ ሳትጠጣ ብዙ ትቆያለች፣ ለዛ ነው እሷን ከወንዝ ርቆ ደረቅ ቁጥቋጦ ውስጥም የምናገኛት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ድኩላው ወደ ወንዝ ሲወርድ ወንዙ ዳር ማን አለ? እኛ አለን። መስኖው አለ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ካሮቱ አለ። ድሮ ወንዝ ዳር የነበረው ጥሻ ተመንጥሮ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ታርሷል፣ ወይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ባሕር ዛፍን እኔ አልጠላውም፣ ስንት ሰው ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል፣ ግን ከስሩ ድኩላ የሚበላው ነገር አታገኙም። ስለዚ ድኩላው በዓመቱ ከባድ ወር ላይ የሚጠጋበትን ቦታ ስንወስድበት ሌላ የሚሄድበት የለውም፣ በዛች ትንሽ ግዛቱ ውስጥ የቀረችው አረንጓዴ ነገር የኛ ጎመን ናት። ቀን ሰውና ውሻ ስላለ ሌሊት ይመጣል። ድኩላ ሰው ሲበዛበት ሰዓቱን ወደ ሌሊት ያዞራል፣ ሰው በሌለበት ቦታ ግን ጠዋትና ማታ በብርሃን ሲበላ ይታያል።

ከዛ በልግ። ይሄ ነው ዋናው። የካቲት ወይ መጋቢት ላይ ዝናቡ ጠብ ሲል እኛ ገብስ እንዘራለን፣ ገብሱ ቶሎ ይበቅላል፣ ጫካው ግን ገና ከድርቁ አልተነሳም። ለተወሰኑ ሳምንታት በጠቅላላው ተራራ ላይ ከሁሉም ለጋ፣ ከሁሉም ፕሮቲን የሞላበት ነገር የገብሳችን ቡቃያ ነው። ጥጋብ ላይ ያለ ድኩላ አይመጣም፣ ከበጋ ተርፎ የወጣ፣ ሆዱ ውስጥ ግልገል ያለባት ድኩላ ግን ትመጣለች። ሚያዝያ ላይ ጫካው ካቆጠቆጠ በኋላ ጥቃቱ ይቀንሳል። ስለዚ ጥበቃችሁን አጥብቁ የምለው እህሉ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሲል ነው፣ ጫካው እስኪያቆጠቁጥ ድረስ።

በልጉ ሲቀርስ? 2007 ዓ.ም. የኤልኒኖው ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ በልጉም ክረምቱም ያነሰበት። በልግ ከቀረ ለድኩላው በጋው እስከ ሰኔ ይራዘማል ማለት ነው። እኛ እህል እርዳታ ልናገኝ እንችላለን፣ ከብቱን ሸጠን ልናተርፍ እንችላለን፣ እሱ ያለው ያቺ የወንዝ ዳር ጥሻ ብቻ ናት። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ጥሻዋ ትንሽ ነገር ናት፣ ለኛ ብዙም ምርት የማትሰጥ ገደላማ ቦታ ናት፣ ለሱ ግን የመትረፍና ያለመትረፍ ጉዳይ ናት።

ጭላዳን አነሳለሁ ብያለሁ። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘር ሆኖ ኑሮውን ሳር ላይ ያደረገ ነው፣ ዓለም ላይ እንደሱ ያለ ሌላ የለም። ክረምት ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ ለጋውን ሳር እየነጨ ይበላል፣ በጋ ላይ ሳሩ ሲደርቅ ግን በዛው እጁ መሬት ይቆፍራል፣ ስርና ኮረት ያወጣል። ድኩላው ቦታ ሲቀይር ጭላዳው ከላይ ያለውን ትቶ ከመሬት በታች ወዳለው ይዞራል። በ2001 ዓ.ም. መንዝ ጓሳ ላይ አንበጣ ሲያርፍ ደሞ ጭላዳዎቹ ሳራቸውን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፣ እንስሳ ወቅቱ የሰጠውን አይንቅም።

የመንዝ አባቶች ደሞ ይሄን ወቅት ነገር ከሳይንቲስት ቀድመው ነው ያወቁት። የጓሳ ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ስንት መቶ ዓመት የቆየ ነው፣ ጓሳው ይዘጋል፣ ለዓመታትም ሊዘጋ ይችላል፣ ሳር አጫጁም ከብቱም አይገባም፣ ሲከፈት ደሞ በደረቁ ወቅት ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ ሳሩ ይታጨዳል፣ ከዛ ከብቱ ይገባል፣ ዝናቡ ሲመጣ ሐምሌ ላይ ይዘጋል። አስቡት፣ ሳሩ በሚያድግበት ጊዜ ማንም አይነካውም፣ አድጎ ዘሩን ከጣለ በኋላ ነው የሚወሰደው። በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ያለው፣ ጭላዳ ያለው፣ ሚዳቋ ያለችው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ቦታው ተጎድቶ ነበር፣ ሕዝቡ ነው እንደገና ተደራጅቶ መተዳደሪያ ያወጣለት። እኛ ቁልቁል ያለነው ከነሱ የምንማረው አለ፣ ስለ ጓሳ ሳይሆን ስለ ወንዝ ዳራችን።

አሁን ማሳ ላይ ስትቆሙ ማን እንደበላባችሁ እንዴት ታውቃላችሁ የሚለውን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ድኩላ ያላደረገው ይለጠፍበታል። ይሄን የባቄላ አገዳ እዩት። ጫፉን ቅርብ አድርጋችሁ እዩ፣ ተቦጭቋል፣ ጭረቱ ወጥቶ ይታያል። ድኩላና ሚዳቋ እንደ በግና ፍየል ላይኛው መንጋጋቸው ላይ የፊት ጥርስ የላቸውም፣ የታችኛውን ጥርስ ከላይኛው ድድ ጋር ገጥመው ስበው ነው የሚበጥሱት፣ ስለዚ የተቦጨቀ ይሆናል። ይሄኛውን ደሞ እዩት፣ ሰያፍ ሆኖ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ይሄ ጥንቸል ነው፣ ጥንቸል ላይና ታች ስለታም ጥርስ አላት። ድንቹ ተቆፍሮ ግማሹ ተበልቶ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ጃርት ነው። ከፍታውንም እዩ፣ ሚዳቋ አጭር ናት፣ የሷ ንክሻ ዝቅ ያለ ነው። ኮቴውን እዩ፣ የሚዳቋ ኮቴ ትንሽ፣ ጫፉ ሹል ነው፣ የድኩላ ተለቅ ይላል፣ የበግ ኮቴ ደሞ ጫፉ ደነዝ ይላል። የበግና የድኩላ ንክሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ኮቴውን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም፣ ስንት ጊዜ የጎረቤት በግ የበላውን ድኩላ ነው ተብሎ ወጥመድ ተጠምዷል። ወጥመድ ደሞ ሕጉም አይፈቅድም፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለፈቃድ አውሬ ማደንን ይከለክላል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ ጥያቄ ገባን።

አንድ አባት ተነስተው "ልጄ፣ የምትለው ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ሌሊት ሌሊት ውሻ የመሰለ ነገር ወንዙ ውስጥ ሲጮህ እሰማለሁ፣ የማንም ውሻ አይደለም፣ ምንድነው?" ብለው ጠየቁኝ። አባቴ፣ እሱ ራሱ ድኩላው ነው። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው፣ ጎርነን ያለ፣ እያቋረጠ። ነብር ወይ ጅብ ወይ ሰው ሲሸተው ነው፣ ጩኸቱን ከሰሙ ከብቱ በረት ውስጥ መሆኑን አንዴ ቢያዩ ጥሩ ነው።

አንዲት እናት ደሞ ልጇ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የተኛች የድኩላ ግልገል አግኝቶ ተሸክሞ እንዳመጣላት፣ የላም ወተት አጠጥታት በሦስተኛው ቀን እንደሞተችባት አዝና ነገረችን። እህቴ፣ በደግነት ነው ያደረጋችሁት፣ ብዙ ሰው ነው እንደዛ የሚያደርገው። ግን ግልገሏ የተጣለች አልነበረችም። ድኩላ ስትወልድ ግልገሏን ጥሻ ውስጥ ደብቃ ትሄዳለች፣ እየመጣች ታጠባለች፣ ሽታ እንዳይኖር ብላ የግልገሏን በጠጥ እንኳን ራሷ ትበላዋለች። እናትየዋ የማትታየው አውሬ ተከትሏት እንዳያገኝባት ነው። ስለዚ ዝም ብላ የተኛች ግልገል ካያችሁ አትንኩ፣ ቶሎ ከቦታው ራቁ፣ ልጆቹንም ንገሯቸው። በዝናቡ ወራት ደሞ ውሻችሁን ሌሊት እሰሩ፣ መደበቅ እንጂ መሮጥ ገና አያውቁም።

አንድ ወጣት መምህር "በበጋ ከተራቡ ለምን ገብስ ወይም ፉርሽካ አናስቀምጥላቸውም?" አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ልብ ካለው ሰው የመጣ ነው፣ ግን አታድርጉት። በውጭው አገርም ሰዎች አዝነው በረዶ ላይ ለአጋዘን በቆሎ ሰጥተው አጋዘኖቹ ሆዳቸው በእህል እንደሞላ ሞተው ይገኛሉ። እነዛ ያልኳችሁ ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠል ነው የለመዱት፣ አዲስ ምግብ ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ፣ ድንገት እህል ሲመጣ ሆዱ ውስጥ አሲድ ይሞላና ይገድለዋል። በግ ጎተራ ገብቶ ስንዴ ሲጠግብ የሚሆነውን ታውቁ የለ፣ እሱ ራሱ ነው። መርዳት ከፈለጋችሁ እህል ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው የሚፈልገው፣ ወንዙ ዳር ቀጋና አጋሙን፣ ወይራውን አትመንጥሩ፣ የተመነጠረው ቦታ ላይ ከብት ለጥቂት ዓመት አታስገቡ፣ ራሱ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ወይራና ዋንዛ ትከሉ። ትምህርት ቤታችሁ ክበብ ካለው ከዛ ነው መጀመር።

የመጨረሻው ጥያቄ "ጥሻውን ከተውንለት አይበዛብንም ወይ፣ ጭራሽ አጠገባችን ሆኖ አይበላንም ወይ?" የሚል ነበር፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ገበሬ ሊጠይቀው የሚገባ። መልሴ ይሄ ነው። ድኩላ የመንጋ አውሬ አይደለም፣ ለብቻው ወይ ከግልገሉ ጋር ነው የሚኖረው፣ እንደ ዝንጀሮ መቶ ሆኖ አይመጣም። ጥሻ ካለው በበጋ የሚበላው ከዛው ያገኛል፣ ማሳው ላይ የሚመጣው ሲያጣ ነው። ማሳችሁንና ጥሻውን ግን አታገናኙ፣ በመሃል ጥቂት ሜትር ታጭዶ ገላጣ የሆነ ቦታ ተዉ፣ ድኩላ ገላጣ መሻገር አይወድም፣ ሳሩንም ለከብት ታጭዱታላችሁ። በልግ ላይ ቡቃያው ብቅ ባለባቸው ሳምንታት ብቻ ተራ ገብታችሁ ሌሊት ጠብቁ፣ እሳት አንድዱ፣ ውሻ አስጩሁ፣ ሌላውን ጊዜ ተኙ። ጥሻ ጠጋ ያለው ማሳ ላይ ደሞ በበልግ ከተቻለ ገብስ ሳይሆን ነጭ ሽንኩርት ሞክሩ፣ ሽታውን ብዙ አውሬ አይወደውም፣ ጥበቃውን ባያስቀርላችሁም ያቀልላችኋል፣ ገበያውም ጥሩ ነው።